ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በመጣ ቁጥር ከዳገታማ ሰፈሮች አንድ ዓይነት ዜና ይሰማል። የአንዱ ግቢ ግንብ ተደርምሶ ከታች ባለው ጎረቤት ቤት ላይ ወደቀ፤ ምክንያቱ «ከባድ ዝናብ» ነው ይባላል። በግንባታ ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ይህ አነጋገር ያሳስበናል፤ ጥፋቱን ሰማይ ላይ ጥሎ ያልፋልና። በአዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው የሚጥለው በክረምቱ ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በየዓመቱ እንደሚመጡ ሕፃን ልጅም ያውቃል። በእነዚህ ወራት የሚወድቀው ግንብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው፣ ሲሠራ ከጀርባው ለሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ስላልተተወለት ነው።

ይህን የምንጽፈው የጓሮውን ዳገት ቆርጦ፣ ከአንድ ግንበኛና ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ወይም በራሱ ጉልበት፣ ድጋፍ ግንብ ለመሥራት ላሰበ ሰው ነው። በሙያው አካባቢ ሪቴይኒንግ ዎል የሚባለው፣ አፈር እንዳይናድ ደግፎ የሚይዘው ግንብ ማለታችን ነው። ደሴ፣ ጎንደር፣ ከአዲስ አበባም ሽሮ ሜዳን፣ ፈረንሳይንና ኮተቤን የሚያውቅ ሰው፣ ሜዳ ግቢ ማግኘት ብርቅ በሆነበት ቦታ ይህ ሥራ ስንት ቤት እንደሚነካ አይጠፋውም።

በመጀመሪያ ወሰኑን እናስቀምጥ። ባለቤቱ ያለ መሐንዲስ ሊሠራው የሚችለው ግንብ ከታችኛው መሬት በላይ ከ1.2 ሜትር ያልበለጠ፣ ከላዩ ያለው መሬት ሜዳ የሆነ፣ ቤትም መኪናም ከጫፉ አጠገብ የማይቆምበት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከግንቡ በላይ ዳገቱ የሚቀጥል ከሆነ፣ ለመሐንዲስ የሚከፈለው ገንዘብ ከግንቡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ይህን የምንለው ለሙያችን ገበያ ለመፈለግ አይደለም። የግንብ ከፍታ እጥፍ ሲሆን የአፈሩ ግፊት አራት እጥፍ፣ ግንቡን ለመገልበጥ የሚሠራው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 1.2 ሜትር ላይ የተሳካለት ግንበኛ 2.4 ሜትር ላይ ያንኑ ልክ ትንሽ ወፈር አድርጎ ቢሠራ አይሳካለትም።

በከተማ በብዛት የሚታየው ስህተት አጥርን ወደ ድጋፍ ግንብ መለወጥ ነው። የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት አጥር ተሠርቶ ይቆያል፤ ከዚያ ባለቤቱ ግቢውን ለማስተካከል ከውስጥ በኩል አፈር ይሞላበታል። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ሜትር፣ በሁለተኛው ትንሽ ጨምሮ። ብሎኬት ከላይ የሚጫነውን ክብደት ይሸከማል፤ ከጎን የሚገፋውን ግን አይችልም። ውስጡ ባዶ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሚይዘውም በመካከሉ ያለው ስስ ሲሚንቶ ብቻ ነው። ግድግዳው መጀመሪያ በመካከሉ ወደ ውጭ ይቆለመማል፣ ቀጥሎ በኮሎኖቹ ዳር ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን አደጋውን ከዓይን ከመሰወር ሌላ ጥቅም የለውም።

ውሃ ምን ያህል እንደሚያከብደው በቁጥር እንየው። 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው ደረቅና ጥሩ አፈር፣ በአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ ወደ 430 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ይገፋል። ያው አፈር እስከ አፉ ውሃ ከሞላ ግፊቱ ወደ 950 ኪሎ ይጠጋል። ግንቡ 10 ሜትር ቢሆን ከ4 ቶን ተኩል የማይሞላው ግፊት 9 ቶን ተኩል ሆነ ማለት ነው፤ በአንድ ሳምንት ዝናብ። ከዚህ ላይ ውሃው የመሠረቱን አፈር ያረጥበውና ያለሰልሰዋል፤ ግፊቱ እጥፍ በሆነበት ሰዓት ግንቡ የቆመበት መሬትም ይከዳዋል። ለዚህ ነው ብዙ ግንብ ዝናቡ ሲጀምር ሳይሆን ነሐሴ ላይ፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ የሚወድቀው።

የሥራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የካቲት ከገባ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ ተቆርጦ ግንብ ያላገኘ ዳገት በአንድ ሌሊት ዝናብ ሊንሸራተት ይችላል። ቁፋሮው የሚገድል ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ አደራ እንላለን። ዳገቱን ሙሉ ርዝመቱን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፤ ሦስት ሦስት ሜትር እየከፈላችሁ፣ አንዱን ቆርጣችሁ ገንብታችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ከሥሩ እየቦረቦሩ ከላይ ያለው በራሱ እንዲወድቅ መጠበቅ በጣም የተለመደ፣ በጣምም አደገኛ አሠራር ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ትንሽ ዘንበል እያደረጋችሁ ቁረጡ። የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይከመር፤ ክምሩ ራሱ ጠርዙን ይጫነዋልና።

መሠረቱ ከታችኛው መሬት 50 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፣ ስፋቱም 95 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሣር ሥር ያለበት፣ የተሞላ ወይም ቆሻሻ የተቀላቀለበት አፈር ከተገኘ ጠንካራው እስኪደረስ ይቆፈራል፤ ጥልቀቱን ያለ ምሕረት ጨምሩ። የመሠረቱ ወለል ወደ ዳገቱ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ግንቡ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይረዳዋል። ወለሉ ከተጠቀጠቀ በኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ኮንክሪት) ይፈስበታል።

አፈሩ ጥቁር፣ መረሬ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቦሌንና ሰሚትን ጨምሮ በአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ የሚገኘው ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ መሠረቱን ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። እዚህ ላይ የተቆጠቡ ሰዎች ሲጎዱ ስለሚታይ፣ በመረሬ ላይ ለሚቆም ግንብ ከፍታው ምንም ያህል ቢያንስ ባለሙያ አማክሩ። ግንቡ በቀይ አፈርም ሆነ በሌላ መሠረት ላይ ቢሠራም፣ መረሬን ከግንብ ጀርባ መልሶ መሙላት ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ግንቡ ልክ እንምጣ። 1.2 ሜትር ከፍታ ላለው የድንጋይ ግንብ የላይኛው ውፍረት 40፣ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛው ውፍረት ከከፍታው ከግማሽ በላይ፣ ስድስት አስረኛ አካባቢ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ይህ ግንብ የሚቆመው በክብደቱ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ማቅጠን ማለት ሥራውን ማፍረስ ነው። የፊቱ ገጽ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በአንድ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ያዘነብላል። ቱንቢ ጥሎ ቀጥ ማድረግ የለመደ ግንበኛ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ቀጥ ያለ ድጋፍ ግንብ ጥቂት ሲገፋ ወደ ፊት የወደቀ መስሎ ይታያል፣ ቀጥሎም እውነት ይወድቃል። የጀርባው ገጽ በሁለት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 11 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር፣ እየገባ ይወጣል። ይህን ዝንባሌ በሁለቱም ጫፍ በተተከለ የእንጨት ቅርጽ ላይ ሲባጎ ወጥሮ መያዝ ይቻላል።

በዚህ ልክ የ10 ሜትር ግንብ ከመሠረቱ ጋር ከ11 ሜትር ኩብ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ 14 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ 4 ሜትር ኩብ ተኩል አሸዋ፣ ከሊን ኮንክሪቱ ጋር 16 ኩንታል ማለትም 32 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ብክነቱን ገምቶ 17 ኩንታል መግዛት ይሻላል። ከጀርባው የሚገባው ጠጠር 4 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ድንጋይና አሸዋ ሲመጣ መኪናው ከማራገፉ በፊት የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለኩ፤ ከተራገፈ በኋላ የሚነሳ ክርክር መፍትሔ የለውም።

ድንጋዩ ጥቁር ድንጋይ ይሁን፣ በመዶሻ ሲመታ የሚጮህ። ሲመታ ድምፁ የታፈነ፣ በእጅ የሚፈረፈር ድንጋይ ለደረጃ ይሁን ለሌላ ይዋል። አሸዋውን ለመፈተሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶ ያህሉን በአሸዋው ሞልቶ ውሃ ጨምሮ መበጥበጥና እስኪረጋ መተው ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ደለል ከተኛ አሸዋው መታጠብ አለበት። ድብልቁ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በአራት ሳጥን አሸዋ ነው፤ ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ሆኖ። በአካፋ መቁጠር ልክ አይሆንም፤ የጠዋቱ አካፋና የማታው አካፋ አንድ አይደለም። የተቦካውን በአንድ ሰዓት ውስጥ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ሲል ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ጥንካሬውን ያጠፋዋል።

አሁን ብዙ ግንብ ወደሚበላሽበት ቦታ ደርሰናል። ግንበኛው ከፊት በኩል የሚያምር ድንጋይ፣ ከኋላ በኩል ያገኘውን ይደረድርና መካከሉን በፍርካሽና በደረቅ ስብርባሪ ይሞላዋል። ከውጭ ሲታይ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንብ ነው፤ በእውነቱ ግን እርስ በርስ ያልተያያዙ ሁለት ስስ ግድግዳዎች ናቸው። ውሃ በመካከሉ ይገባል፣ የፊተኛው ሆዱን ነፍቶ ይለያያል። መድኃኒቱ አሳሪ ድንጋይ ነው። በየአንድ ካሬ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ረጅም ድንጋይ ከፊት ወደ ኋላ ተሻግሮ ይግባ፤ ግንቡ ከድንጋዩ ርዝመት ከሰፋ ሁለት ድንጋዮች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ተደራርበው ይያያዙ። ድንጋይ ሁሉ በሰፊ ጎኑ ይተኛ እንጂ ለማሳመር ተብሎ አይቁም። የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት መጋጠሚያ ይሸፍን፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ከታየ ነገ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት በውሃ ይርጠብ፤ ደረቅ ድንጋይ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣበታል። በቀን ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ። ግንቡ ከ10 ሜትር ከበለጠ በመካከሉ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያለው መለያያ ይተውለት። ባለቤቱ ሙያውን ባያውቅም መካከሉ በምን እየተሞላ እንደሆነ ቆሞ ማየት ይችላል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ቁጥጥር ይህ ነው።

የውሃ መውጫው ግንቡ ሲወጣ አብሮ ይሠራል፤ በኋላ በመሮ የሚበሳ ነገር አይደለም። 75 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ከፊት ወደ ኋላ ተሻግሮ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ረድፍ ከፊተኛው መሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በየአንድ ሜትር ተኩሉ። ሁለተኛው ረድፍ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በታችኞቹ መካከል መካከል። ለ10 ሜትር ግንብ 13 ቁራጭ ይሆናል፤ ሁለት ባለ 6 ሜትር ቱቦ ይበቃዋል። ቱቦው ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፣ ከጀርባ እስከ ፊት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር። ወደ ኋላ ያዘነበለ ቱቦ ተገጥሞ ማየት ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቱቦ ከፊት ውሃ ተቀብሎ ወደ ጀርባ ይመልሳል። ሲገነባ የቱቦው አፍ በጨርቅ ይወተፍ፣ ሲሚንቶ እንዳይዘጋው፤ ሥራው ሲያልቅ ጨርቁን ማውጣት አይረሳ።

ቱቦ ብቻውን ግን ምንም አያደርግም። ጀርባው ላይ ጭቃ ከተደገፈበት በአንድ ክረምት ይደፈናል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከመጀመሪያው ቱቦ በታች ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ በጠጠር ሻጮች ዘንድ 02 የሚባለው ጠጠር ይሞላል። ቀይ አሽ በቅርብ የሚገኝበት አካባቢ እርሱም ጥሩ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ቀላል ስለሆነም ግንቡን ብዙ አይገፋም። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ይዘረጋል፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ ደቃቁን አፈር ያስቀራል። እርሱ ካልተገኘ በአፈሩ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠሩ ቢሆን ሥራውን ይሠራል። የላስቲክ ሸራ ግን አይሆንም፤ ውሃውን ከነአካቴው ይዘጋዋል። ጠጠሩ በዋጋ ምክንያት ከሁሉ ቀድሞ የሚቀነስ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ገንዘብ ከጠበበ ግንቡን በ20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት እንጂ ጠጠሩን አታስቀሩ።

ግንቡ ካለቀ በኋላ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፤ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሶ ማርጠብ ይበልጥ ይጠቅማል። አፈር መመለስ የሚጀመረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር እርከን እየተሞላ በእጅ መጠቅጠቂያ ይመታ፤ ከግንቡ በአንድ ሜትር ውስጥ የሞተር መጠቅጠቂያ አይግባ፤ ትኩስ ግንብ በዚያ ንዝረትና ግፊት ይነቃነቃል። የመጨረሻው 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ የማያሳልፍ ቀይ ሸክላ አፈር ይሁንና ከግንቡ ጫፍ ወደ ኋላ ተዳፍቶ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቀደድለት። ዋናው ዘዴ ውሃውን ከገባ በኋላ ማስወጣት ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ መከልከልም ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ፣ የጣሪያ ውሃ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውሃ ነው። የአሸንዳው መውረጃ ከግንቡ ጀርባ የሚያፈስ ከሆነ፣ ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚጨምረው ይበልጣል። መውረጃው በዝግ ቱቦ ከግንቡ ተሻግሮ ይለፍ። ሮቶም እንዲሁ፣ 2,000 ሊትር የሚይዘው ሲሞላ ከ2 ቶን በላይ ነው፤ ከጫፉ ቢያንስ የግንቡን ከፍታ ያህል ይራቅ። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከግንብ ጀርባ ማስቀመጥ ክረምት ከበጋ የሚያንጠባጥብ ምንጭ መትከል ነው። ባሕር ዛፍም ከአጠገቡ አይተከል፤ ሥሩ በመጋጠሚያው ገብቶ ሲወፍር ድንጋይ ይፈነቅላል።

ከኮንሶ እርከኖች የምንማረው እዚህ ላይ ነው። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለው። ያለ ሲሚንቶ የተካበ ስለሆነ ውሃው በየድንጋዩ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ከጀርባው አይጠራቀምም። ካቡም በየጊዜው ይጠገናል። እኛ ሲሚንቶ ስንጨምር ያንን መውጫ ደፍነንበታል፤ ስለዚህ በቱቦና በጠጠር መመለስ ግዴታችን ነው።

ግንቡ አስቀድሞ ላለው ሰው ደግሞ፣ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ አለ። ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ወጥሮ ሆዱ የተነፋ እንደሆነ ማየት፣ ስንጥቁ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን መጻፍ፣ በየቱቦው ቀጭን ፌሮ እያስገቡ የደፈነውን መክፈት። ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ከቱቦዎቹ ምንም ውሃ ካልወጣ ግንቡ ደርቋል ማለት አይደለም፤ ውሃው ከኋላ ታግዷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ምልክት የተደረገበት ስንጥቅ በክረምት መካከል ከሰፋ፣ ወይም ከግንቡ በላይ ያለው መሬት ከጫፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተሰነጠቀ፣ ከታች ያሉት ሰዎች በዚያች ሌሊት እዚያ ክፍል አይደሩ። ስንጥቁ ውሃ እንዳይገባበት በሸራ ይሸፈን፤ በዝናብ መካከል ግን ከሥሩ ገብቶ ለመጠገን መሞከር ሕይወት ያስከፍላል።

ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የወረዳውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቅ፤ ከታች ያለውን ጎረቤትም ያናግር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ከቱቦዎቹ የሚወጣው ውሃ የት እንደሚሄድም ከጎረቤት ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ በፊተኛው ግርጌ የሲሚንቶ ቦይ ሠርቶ ወደ መንገዱ ማፋሰሻ ማድረስ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ጋዜጣውም ስለ ተደረመሰ ግንብ ሲዘግብ፣ ዘጋቢው አንድ ጥያቄ እንዲጨምር እንለምናለን፦ የውሃ መውጫ ቱቦ ነበረው ወይ?

ከአክብሮት ጋር፣
በግንባታ ሙያ ላይ የተሰማራን አንባቢዎች
አዲስ አበባ